ቀለህ መሙላት፦ የጥንት የጥይት መሙያ መሣሪያዎች ስያሜና የተርጓሚው ኀላፊነት

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ አገር አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ተተኩሶ የወደቀውን የናስ ቀለህ እያነሡ በየቤታቸው እንደገና ይሞሉት ነበር። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉትን የእጅ መሣሪያዎች በተለይ ያሠራጨው ጆን ባርሎ በ1884 በኒው ሄቨን ከተማ ያቋቋመው አይዲያል የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ሥራው በ1925 ወደ ላይማን ኩባንያ ተላልፏል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ እነዚህ መሣሪያዎች በቤተ መዘክርና በቅርስ ሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ አለያየታቸውና ስለ አስተዳደሳቸው የሚናገሩ ጽሑፎችን የሚተረጉም ሰው የሚገጥመውን የስያሜ ችግር መመርመር ነው። በዚህ ርእስ የቃል ስሕተት የእጅ ጣት ሊያስቆርጥ ስለሚችል ጉዳዩን በቀላሉ አናየውም።

፩. ነባር ቃላት

ለመሣሪያ ስም አማርኛ እንግዳ አይደለም። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ «ስናድር» የሚለውን ስም፣ ከፈረንሳዩ የ1874 «ፉዚል ግራ» ደግሞ «ውጅግራ»ን አግኝቷል። ለጥይት ክፍሎችም አረር፣ ባሩድና ቀለህ የሚሉ የታወቁ ቃላት አሉት። ችግሩ «ጥይት» በተለምዶ ሙሉውንም፣ በርሮ የሚሄደውንም ክፍል መጥራቱ ነው። በሙያ ጽሑፍ ግን «ጥይት» ለሙሉው፣ «አረር» ለሚበርረው ክፍል ብቻ ቢወሰን እንመርጣለን። ቀልጦ የሚፈስሰው እርሳስ አረር እንጂ ጥይት ስላልሆነ፣ መሣሪያው «የአረር ቅርጽ ማውጫ» እንጂ «የጥይት ቅርጽ ማውጫ» ሊባል አይገባም።

፪. «ባዶ ቀለህ» ባዶ ነውን?

ቀለህ በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀር፣ ጕዳት የሌለው ነገር ነው። በአሮጌ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ የሚገኝ ቀለህ ግን ባሩድና አረር ሳይኖረው፣ በቂጡ ላይ ያልተመታ አቀጣጣይ ተሰክቶበት ሊገኝ ይችላል። ተርጓሚው ይህን «ባዶ ቀለህ» ቢለው፣ አንባቢው ያለ ሥጋት ሊቀጠቅጠው ወይም ሊያሞቀው ይችላል። ስለዚህ አቀጣጣዩን ክፍል «ለኳሽ» ብለን፣ «የተተኮሰ ቀለህ»፣ «ለኳሽ ያለበት ቀለህ» እና «ለኳሹ የወጣ ቀለህ» በሚሉ ሦስት ስሞች እንዲለይ እናሳስባለን። «መለኮሻ» ያላልነው ቃሉ በእጅ ተይዞ የሚለኮስበትን ዕቃ ስለሚያሳስብ ነው።

ለኳሹም ሁለት ዐይነት ነው። በአሜሪካዊው በርዳን አሠራር መስፉ የቀለሁ አካል ሲሆን፣ ብልጭታው የሚያልፍባቸው ቀዳዶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። በእንግሊዛዊው ቦክሰር አሠራር ግን መስፉ በለኳሹ ውስጥ ነው፤ ቀዳዳውም አንድና መካከለኛ ነው። ለመካከለኛው ቀዳዳ የተሠራ የለኳሽ ማውጫ ወስፌ በበርዳን ቀለህ ላይ ቢገፋ ከመስፉ ጋር ተጋጭቶ ይጣመማል ወይም ይሰበራል። የተጣመመ ወስፌ ያለው ጉጠት ሲገኝ ይህ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

፫. ማጉረስና መሙላት

እንግሊዝኛ ጠመንጃን እንደገና ማጉረስንና ቀለህን እንደገና መሙላትን በአንድ ግስ ይገልጻል። አማርኛ ግን «ማጉረስ»ን ለጠመንጃ፣ «መሙላት»ን ለቀለህ ለይቶ መያዝ ይችላል። ቋንቋችን የሰጠንን ልዩነት በትርጉም ሰበብ ማጥፋት አይገባንም።

፬. የተቀረጹ ቍጥሮች

መሣሪያው የየትኛው ጥይት መሆኑ የሚታወቀው በላዩ ከተቀረጸው ቍጥር ነው። «45-70» ሲባል የመጀመሪያው የአፈሙዙን ስፋት በኢንች መቶኛ፣ ሁለተኛው 70 ግሬን ጥቁር ባሩድን ያመለክታል። «30-06» ላይ ግን ሁለተኛው ቍጥር የባሩድ ልክ ሳይሆን 1906 የተባለው ዓመት ነው። ስለሆነም ቍጥሩ እንዳለ ይጻፍ፤ ማብራሪያውም ለየብቻ ይሰጥ።

«ግሬን» የሚለውን መለኪያ «ቅንጣት» ብሎ መተርጐም ፍጹም ስሕተት ነው፤ አንባቢው የባሩድ ፍሬ እንዲቈጥር የታዘዘ ሊመስለው ይችላልና። ወደ «ግራም» ማዛባትም የባሰ ነው። 70 ግሬን 4.5 ግራም ያህል ሲሆን፣ 70 ግራም ግን ከዚያ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የውጭውን ቃል መቀበል የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው።

፭. ማደስ ወይስ መጠበቅ?

«ማደስ» አሮጌውን አዲስ ማስመሰልን ያሳስባል። የቅርጽ ማውጫው ጕድጓድ በሻካራ ነገር ቢፈገፈግ ስፋቱ ይለወጣል፤ የውጭው ገጽ ከልክ በላይ ቢወለወልም ከላይ ያልነው ቍጥርና የሠሪው ስም ይጠፋል። ዝገትን በዘይት አለስልሶ ማስለቀቅና የቀረውን እንዳለ መተው «ጠብቆ ማቆየት» ቢባል፣ «ማደስ» ደግሞ መሣሪያውን ለሥራ ብቁ ለማድረግ ብቻ ቢውል ተገቢ ነው።

፮. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

አረር፦ በርሮ የሚሄደው ክፍል።
ለኳሽ፦ በቀለህ ቂጥ ተሰክቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥል።
መስፍ፦ ለኳሹ ሲመታ የሚያርፍበት ጠንካራ አካል።
የመሙያ ጉጠት፦ ሁለት እጀታ ያለው የእጅ መሣሪያ።
የባሩድ መስፈሪያ፦ ባሩድን በይዘት የሚለካ፤ በክብደት ከሚለካው ሚዛን የተለየ።

ከእነዚህ የተሻለ፣ በተለይም ከባለ እጆች አፍ የተሰማ ስያሜ ያላቸው አንባብያን ቢያቀርቡልን፣ የእኛን ትተን የእነርሱን ለመቀበል ዝግጁዎች ነን።