በነቢዩ እጅ ያሉት ሁለት በትሮች

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው ጎዳና በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር በኩል ያልፋል። በዚህ አገር ለሚኖር ሰው በትር ምን እንደ ሆነ መንገር አያሻም። ሽማግሌው ተደግፎት ይመክርበታል፤ የኦሮሞ እናቶችም ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው በጠበኞች መካከል የገቡ እንደ ሆነ ጠቡ ይበርዳል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ37ኛው ምዕራፍ የተናገረውም በበትር የተመሰለ ትንቢት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ነቢዩ በአንዱ በትር ላይ የይሁዳን፣ በሌላው ላይ የዮሴፍን ስም ጽፎ ሁለቱን በእጁ እንዲያጋጥም ታዘዘ። ትርጓሜውም የተለያዩት ሁለት መንግሥታት ከተበተኑበት ተሰብስበው በአንድ እረኛ ሥር አንድ ሕዝብ እንደሚሆኑ ነው። ይህን ሲናገር እርሱ ራሱ በባቢሎን ምርኮኛ ነበር፤ ሰሜናዊው መንግሥት ከጠፋም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ክርስቲያኖች እረኛውን ክርስቶስ ነው ይሉታል፤ አይሁድ ግን ገና ይጠብቁታል።

ይህን ምዕራፍ የሚሰብክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ መሆኑን ብቻ ይናገራል። መለያየቱ ከየት እንደ መጣ ግን መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ12ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። ሰሎሞን ከሞተ በኋላ ሕዝቡ ቀንበር ከብዶናልና አቅልልልን ብሎ ወደ ሮብዓም መጣ፤ ሮብዓምም የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ የእኩዮቹን ሰማና ይበልጥ አከብዳለሁ አለ። መንግሥቱ የተከፈለው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛም፣ በትሮቹ በአንድ እጅ ሲያዙ የተጻፈባቸው ስም እንዲፋቅ አልታዘዘም። ይሁዳ ይሁዳ፣ ዮሴፍም ዮሴፍ እንደ ተባለ ነው።

በአገራችንም ቤተ ክርስቲያን ይህን የመሰለ ነገር ሁለት ጊዜ አይታለች። መጀመሪያ፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ተሰደዱ፤ ሲኖዶሱም የአገር ቤትና የስደት ተብሎ ተከፈለ። ዕርቁ በዋሽንግተን ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ተፈረመ፤ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር ወደ አገራቸው ገቡ። በስምምነቱም አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን፣ አቡነ መርቆሬዎስ ጸሎትና ቡራኬውን ያዙ። ከሁለቱ የማንም ስም አልተፋቀም።

ሁለተኛው ለአምቦ ሰው ጎረቤት ነው። ከአምቦ በወንጪ በኩል የሄደ መንገደኛ ወሊሶ ይደርሳል። በወሊሶ አካባቢ ባለው በሃሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. አቡነ ሳዊሮስና ሌሎች ሁለት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ያቀረቡትም ምክንያት ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ አገልግሎት አላገኘም የሚል ነበር። ሲኖዶሱ ሹመቱ ቀኖናን ይጥሳል ብሎ በአራተኛው ቀን አወገዛቸው። ከዚያ የተከተለው ጭንቀት የቅርብ ትዝታ ነው፤ በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

ያለ ሲኖዶስ ጳጳስ መሾም አንድነትን እንደሚያናጋ አያከራክርም። የቋንቋው አቤቱታ ግን በዚያ ጥር አልተወለደም፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 በግእዝ ፊደል ታትሞ ወጥቷል። የሕዝቅኤል ሁለት በትሮች በኦሮምኛ ከተነበቡ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ነው።

ዕርቁ የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። ሦስቱ አባቶች ወደ ሲኖዶሱ እንዲመለሱ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጠው አገልግሎትም እንዲጠናከር ተስማሙ። ሮብዓም ያልሰማው ዓይነት አቤቱታ በዚህ ቀን ቢያንስ በወረቀት ላይ ተሰማ።

በዚያው በሕዝቅኤል ምዕራፍ መጀመሪያ ስለ ደረቁት አጥንቶች ተጽፏል። አጥንቶቹ መጀመሪያ ተገጣጠሙ፤ ቀጥሎ ጅማትና ሥጋ፣ ከላይም ቆዳ ለበሱ፤ እስትንፋስ ግን ገና አልነበረባቸውም። እርሱን ለመጥራት ነቢዩ ሁለተኛ ትንቢት መናገር አስፈልጎታል። ከዕርቁ አምስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሲኖዶሱ ራሱ 9 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ፤ የሚበዙትም ለኦሮሚያ አህጉረ ስብከት ነበሩ።