በርሃሌ፤ የአሞሌ መንገድ ማረፊያ

በየበረቱ ደጃፍ ከብቶች የሚልሱት አሞሌ በስንት ሰው እጅ አልፎ እንደሚደርስ ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። ከሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው ትንሿ የበረሃ ከተማ በርሃሌ ግን፣ ኑሮዋ ከዚሁ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ከኖረው አሞሌ ጋር የተሳሰረ ነው።

ጨው የሚቆረጠው ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የሁለት ቀን ያህል የግመል ጉዞ ርቆ በሚገኘው በአሳሌ የጨው ሜዳ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በአቅራቢያው ባለችው በዳሎል በ1950ዎቹ በተደረገ ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ሥራው በክፍፍል የሚከናወን ነው። አንደኛው ወገን የጨውን ቅርፊት በመጥረቢያ ሰንጥቆ በእንጨት እየፈነቀለ ያነሣል። ሌላው ጠርቦ አራት ማዕዘን ያስይዘዋል። ሦስተኛው በገመድ አስሮ ግመል ላይ ይጭናል። የቆራጩና የጠራቢው ክፍያ በአሞሌው ቁጥር ስለሆነ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ሥራ መጀመር ግድ ነው።

ግመል ነጂውም የራሱ ብልሃት አለው። በመንገድ መኖ ስለማይገኝ ከደጋ ገለባ ጭኖ ይወርድና ከፊሉን ለመልስ ጉዞ በየማረፊያው ያስቀምጣል። ለስንቁም የጋለ ድንጋይ በሊጥ ጠቅልሎ ቡርኩታ ይጋግራል።

ቀድሞ የግመሉ ቅፍለት በርሃሌን አልፎ እስከ መቀሌ ይወጣ ነበር። የመኪና መንገድ በርሃሌ ሲደርስ ግመሉ እዚያው ማራገፍ፣ መኪናውም ከዚያ መረከብ ጀመረ። ከተማዋም የመጋዘንና የጫኝ አውራጅ ከተማ ሆነች። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ አስፋልቱ ወደ ጨው ሜዳው ሲዘልቅ ደግሞ የመኪናው ድርሻ በዛ፤ የግመሉ አነሰ። መንገድ ለአንዱ ሲሳይ፣ ለሌላው የገቢ መጓደል ሊሆን እንደሚችል በርሃሌ ምስክር ናት። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ከደጋው ጋር የነበረውን ንግድ አቋረጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ ራሷ የውጊያ ቦታ ሆና ነዋሪዎቿ ተሰደዱ።

በጨው ገበያ ላይ ሌላም ለውጥ መጥቷል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን ሊጨመርበት ይገባል። አሞሌ ግን እንደተቆረጠ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሁለት ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። አንደኛ፣ በቀበሌያቸው አዲስ መንገድ ሊወጣ ሲታቀድ በአህያ፣ በበቅሎና በግመል ጭነት የሚተዳደሩት አባላት እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ መመዝገብ፤ መንገዱ ሲከፈትም በመጫንና በማራገፍ፣ በመጋዘን ጥበቃና በመኖ ሽያጭ ቅድሚያ እንዲያገኙ መመካከር ያሻል። መኪናው ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ምክክር ዘግይቷል። ሁለተኛ፣ አሞሌው ለከብት፣ አዮዲን ያለው ጨው ለቤተሰብ መሆኑን በየስብሰባው ማስረዳት፣ እንቅርትንና የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት መጓደል ለመከላከል ይረዳል።

አሞሌ በገበያ ላይ ተራ ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን የቆራጩ፣ የጠራቢው፣ የጫኙና የነጂው ላብ ያረፈበት ነው። መንገዳቸው ሲለወጥ የእነዚህ ሰዎች እንጀራ ምን እንደሚሆን ማሰብ፣ ነገ በራሳችን ቀበሌ ለሚመጣው ለውጥ መዘጋጀት ነው።