የተወገዙ ቁጥሮች

ዛሬ የምንሠራበት የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲደነገግ፣ መልእክተኛው «እገሌ ነኝ» ያለውን ሁሉ አምኖ እንዲቀበል ሆኖ ተደነገገ፤ የመረቡ ማኅበርተኞች በዚያን ጊዜ ጥቂቶች ነበሩና ለላኪው ስም ማረጋገጫ አልተበጀለትም። ነገር ግን ከዚያ 4 ዓመት ቀድሞ፣ በ1978፣ ጋሪ ቱርክ የተባለ የኮምፒዩተር ነጋዴ ላልጠየቁት 400 ያህል ሰዎች የሸቀጡን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ልኮ ስለ ነበር፣ ዛሬ ስፓም የምንለው ጎርፍ ምልክቱን አስቀድሞ አሳይቶ ነበር።

ስም የማይታመን ከሆነ፣ ለተቀባዮቹ የቀረላቸው መታመኛ ላኪው ሰርቨር በመረቡ ላይ የሚታወቅበት የአይፒ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሐሰት ቢሆን መልሱ ወደ ሌላ ስለሚሄድ ንግግሩ ከቶ አይጀመርምና። ስለዚህ ስፓም የሚወጣባቸው ቁጥሮች የሚሰፍሩባቸው መዝገቦች ተቋቋሙ፤ ስቲቭ ሊንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ላይ የመሠረተው ስፓምሀውስ ከነዚሁ ስመ ጥሩው ነው። ያገራችን ሰው ግዝት ምን እንደ ሆነ ያውቃልና፣ የግዙታን መዝገብ ብለው ይረዳኛል።

አሠራሩ ረቂቅ ነው። ከ192.0.2.7 የመጣ መልእክተኛ ከደጅ ቢቆም፣ ተቀባዩ ሰርቨር ደብዳቤውን ሳይረከብ ቁጥሩን ወደ 7.2.0.192 ይገለብጥና የመዝገቡን ስም ከኋላው ቀጥሎ የመረቡን የስም ማውጫ ይጠይቃል፤ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ቢባል ያስገባዋል፣ 127.0.0.2 የሚል መልስ ቢመጣ ግን 550 በሚለው የእምቢታ ቁጥር ይመልሰዋል፤ ይህም ሁሉ በቅጽበተ ዓይን ይፈጸማል።

ጭንቁ፣ ውግዘቱ በሰው ላይ ሳይሆን በቁጥር ላይ መውረዱ ነው። ድረ ገጽ አስተናጋጅ ድርጅቶች ዋጋው እንዲረክስ ብለው ብዙ ደንበኞችን በአንድ ሰርቨር፣ በአንድ ቁጥር ያኖራሉ፤ ከነዚያ አንዱ የይለፍ ቃሉን «123456» ብሎ ሌባ ቢገባበት፣ ሌሊቱን የሐሰት መድኃኒት ሲያስተዋውቅ ያደረው ሰርቨር ሲነጋ ከነጎረቤቱ ተወግዞ ይገኛል። እኔም ለአክስቴ ልጅ የላክሁት የሠርግ መጥሪያ 550 ተጽፎበት ሲመለስ፣ መድኃኒት ሸጬ እንደማላውቅ ለማን እንደምምል ቸግሮኝ ነበር።

እንዲህ ያለው ግዝት እንዳይመጣ፣ ብዙዎቹ የኢንተርኔት አቅራቢዎች፣ በቫይረስ የተያዘ የቤት ኮምፒዩተር ስፓም በቀጥታ እንዳይረጭ፣ ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚቀባበሉበትን በር፣ 25ኛውን ፖርት፣ ከመኖሪያ ቤት ለሚወጣው ይዘጋሉ፤ ባለ ደብዳቤው የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ በ587ኛው ፖርት ይወጣል። አስተናጋጁ ደግሞ በሰዓት የሚላከውን ይመጥናል፤ የደብዳቤው ወረፋ ድንገት ሲያብጥ የበደለኛውን አካውንት ያግዳል፣ የይለፍ ቃሉን ይለውጣል፣ ሌባው የተከለውን ፋይል ነቅሎ ይጥላል፤ ከግዝቱ እንዲፈቱት የመዝገቡን ባለቤቶች የሚለምነውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ንስሐ ሳይፈጽም ፍቱኝ ያለ ግን፣ ቁጥሩን ብዙ ሳይቆይ ከዚያው መዝገብ ላይ ያገኘዋል።