የቆየ ኮሮላ ለምትነዱ፦ የራዲያተሩን ጎማዎች በእጃችሁ ነክታችኋቸው ታውቃላችሁ?

የራዲያተር ጎማ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከውስጥ ነው፤ ላዩ ጤነኛ መስሎ ጫፉ አካባቢ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ስለዚህ ማየት አይበቃም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በጣት ጨመቅ አድርጉት። እንደ ሊጥ ከላላ፣ ወይም ደርቆ የመሰንጠቅ ድምፅ ካሰማ ይቀየር።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። በከተማዋ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 ነው። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ፈሳሹ ሳይፈላ የሚቆየው በታመቀ ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚይዙት ቱቦዎቹና የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ናቸው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ አዲስ ቱቦ ብቻውን አያድናችሁም። ከሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ከሁሉ የሚረሳውም እሱ!

አሮጌውን ቱቦ በካቻቢቴ አትፈልቅቁ፤ አፉ ፕላስቲክ የሆነ ራዲያተር ይሰበራል። በቁመቱ በቢላ ቅደዱት። አዲሱን ስታስገቡ ዘይትም ግራሶም አትቀቡ፣ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ኩላንት ጠብ ማድረግ ይበቃል። ቀጫጭኖቹን የሂተር ቱቦዎችም አትዝለሏቸው። ኩላንት ስትሞሉ ከቀዝቃዛ ሞተር ጀምራችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን አስነስታችሁ አረፋው እስኪያልቅ ተዉት።