ለመተማ ቆላ የሚሆን ካሜራ፦ የሴንሰርና የአውቶፎከስ ክርክር ሲመዘን

በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ዛሬ ምዕራብ ጎንደር ዞን ተብሎ ከሚጠራው ቆላማ አካባቢ አንድ ዜና ለዓለም ተሰማ። በቋራ ወረዳ በሚገኘውና ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንበሳ መኖሩ በፎቶግራፍና በዱካ ተረጋገጠ የሚል ነበር። የጥናት ቡድኑን የመሩት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ጥበቃ ምርምር ክፍል ባለሙያ ሲሆኑ፣ ድጋፉን የሰጠው ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ድርጅት ነው። ቡድኑ በአልጣሽና በሱዳን በኩል በሚያዋስነው የዲንደር ፓርክ በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ ከእነዚህም ከ27 እስከ 54 የሚሆኑት በአልጣሽ ክልል እንደሚገኙ ገምቷል።

አንበሳው በአካባቢው ሰው ዘንድ እንግዳ አልነበረም። የጎደለው በስብሰባ ላይ ሊቀርብና ሊመረመር የሚችል ማስረጃ ነበር። ያን ማስረጃ ያስገኘው ደግሞ የካሜራ ወጥመድ የሚባለው፣ ከዛፍ ግንድ ላይ ታስሮ የሚተው መሣሪያ ነው። የዚህ ዓይነቱ ካሜራ ሴንሰር ከጣት ጥፍር ያነሰ ሲሆን፣ አውቶፎከስ፣ ማለትም ካሜራው ርቀቱን በራሱ እያስተካከለ ምስሉን የሚያጠራበት ሥርዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

ይህ ጉዳይ የካሜራ ግዥ በታሰበ ቁጥር ለሚነሳው ክርክር ጥሩ መነሻ ይሆናል። በሕዝብ ግንኙነት፣ በግብርና ወይም በፓርክ ጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ካሜራ ይገዛ ሲባል፣ አንዱ ካኖን፣ ሌላው ኒኮን፣ ሦስተኛው ሶኒ ይሻላል ይላል። ክርክሩ የቆየ ነው። ኒኮን ዲ1 የተባለውን ዲጂታል ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ካኖን ደግሞ ዲ30 የተባለውን በ2000 ካወጡ በኋላ የሁለቱ ኩባንያዎች ፉክክር ወደ ሴንሰር ዞረ። ሶኒ የኮኒካ ሚኖልታን የካሜራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 ተረክቦ ሲገባበት ተፎካካሪዎቹ ሦስት ሆኑ።

ሴንሰር በሌንሱ በኩል የሚገባውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ክፍል ነው። ጥራቱን በዋናነት የሚወስነው የሚሰበስበው የብርሃን መጠን ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚያየው ግን የሜጋ ፒክሰሉን ቁጥር ነው። ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 864 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አነስተኛው ደረጃ በኒኮንና በሶኒ 367 ያህል፣ በካኖን 332 ያህል ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ደረጃ ባሉት ካሜራዎች መካከል ያለው የስፋት ልዩነት እንግዲህ 10 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ ያለው ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ብርሃኑ በ4 እጥፍ ሲጨምር የምስሉ ንጽሕና በ2 እጥፍ የሚሻሻል በመሆኑ፣ 10 በመቶው በዓይን የሚለይ ነገር አያመጣም።

ከዚህ በላይ ተከራካሪዎችን ሊያስታርቅ የሚገባ አንድ እውነት አለ። በኒኮን ካሜራዎች ውስጥ የሚገኙ በርካታ ሴንሰሮች በሶኒ ፋብሪካ የተመረቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና በሴንሰሩ ጥራት እጅግ የተወደሰው ኒኮን ዲ800 አንዱ ምሳሌ ነው። ኒኮን ከሶኒ ይበልጣል፣ የለም ሶኒ ይበልጣል እየተባባሉ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ፋብሪካ ምርት ሊሆን ይችላል የሚሟገቱት።

በሴንሰር ረገድ እውነተኛ ልዩነት የነበረበት ጊዜ ግን አለ። ካኖን እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ በአብዛኞቹ ካሜራዎቹ የሴንሰሩን ምልክት ወደ ቁጥር የሚለውጠው ከሴንሰሩ ውጭ በተቀመጠ ክፍል ነበር። በዚህም ምክንያት የጨለመው የምስል ክፍል በኮምፒዩተር ሲበራ ነጠብጣብና ሰንበር ይታይበታል። ካኖን 5ዲ ማርክ 4ን በመሳሰሉ በዚያው ዓመት በወጡ ካሜራዎች ይህ ጉድለት በእጅጉ ተቃልሏል። በየመሥሪያ ቤቱ በሥራ ላይ ያሉ አሮጌ ካሜራዎች ስላሉ ጉዳዩ ለመተማ ባዕድ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ሲገቡ የተነሱትን የመሰሉ ፎቶግራፎች የሚነሱት ብዙውን ጊዜ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ጥላ ሥር ነው። ሰዎቹ ከጥላው ሥር፣ ከበስተጀርባቸው ደግሞ የሚያንጸባርቅ ሜዳ ይሆናል። ካሜራው ብርሃኑን ከሜዳው ላይ ከለካ የሰው ፊት ጠቁሮ ይቀራል፤ ያን ፊት በኋላ ለማብራት ሲሞከር የሴንሰሩ ድክመት ይጋለጣል። መፍትሔው ብርሃኑን ከፊት ላይ መለካት ሲሆን፣ ይህም አንዳች ወጪ አያስወጣም።

የቆላው ዋና ፈተና ሙቀት ነው። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ሦስቱም ተፎካካሪዎች በአብዛኞቹ የካሜራ መመሪያዎቻቸው ላይ የሚያስቀምጡት ከፍተኛው የሥራ ሙቀት ደግሞ ያው 40 ዲግሪ ነው። በፀሐይ ላይ በቆመና መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተተወ ካሜራ፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ አምራቹ ከፈቀደው ወሰን ውጭ ነው።

ሴንሰር ብርሃን ባይደርሰውም እንኳ ከሙቀት የተነሳ ጥቂት ምልክት ያመነጫል። ይህ ምልክት በየ6 እስከ 8 ዲግሪው በእጥፍ ያድጋል። በቀን ብርሃን በ500ኛ ሰከንድ ለሚነሳ ፎቶግራፍ ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጉዳቱ የሚታየው በሌሊት ለረጅም ሰከንዶች ተከፍቶ በሚነሳ ምስልና በቪዲዮ ቀረጻ ላይ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2020 አር5 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ በከፍተኛው የቪዲዮ ጥራት፣ በ23 ዲግሪ ሙቀት፣ 20 ደቂቃ ያህል እንደሚቀርጽ ራሱ አስታውቆ ነበር። 23 ዲግሪ ደግሞ የጎንደር ከተማ አየር እንጂ የመተማ አይደለም። ረጅም ስብሰባ ወይም የመስክ ጉብኝት የሚቀርጽ መሥሪያ ቤት ከከፍተኛው ጥራት ወረድ ብሎ መቅረጽ፣ ካሜራውንም ከጥላ ሥር ማኖር ይኖርበታል።

ወደ አውቶፎከስ ሲመጣ ክርክሩ ይበልጥ ይግላል። መስታወት ባላቸው ካሜራዎች የማጥራቱን ሥራ የሚሠራው ከዋናው ሴንሰር የተለየ፣ ከመስታወቱ ሥር የተቀመጠ ትንሽ ሴንሰር ነበር። ፈጣን ቢሆንም ከዋናው ሴንሰር ጋር በጥቂቱ ካልተጣጣመ ዓይን ሊጠራ ሲገባው ጆሮ ይጠራል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2013 በ70ዲ ካሜራው የማጥራቱን ሥራ ወደ ዋናው ሴንሰር አስገባ። ሶኒ ቀደም ብሎ መስታወት አልባ ካሜራዎችን በማስፋፋት የሰውን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የእንስሳትን ዓይን በቅጽበት እየተከተለ የሚያጠራ ሥርዓት አቀረበ። ለጥቂት ዓመታት በዚህ በኩል ቀዳሚነቱ የሶኒ ነበር ማለት ይቻላል። ካኖንና ኒኮን ወዲያው ተከትለው ስለደረሱ ግን ዛሬ ልዩነቱ ለዕለት ተዕለት የቢሮ ሥራ ጠባብ ሆኗል።

በመተማ ሜዳ አውቶፎከስን የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ነው። የዋልካው መሬት ሲግል በላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ ያለ ሰው፣ ከብት ወይም የሰሊጥ ሂላ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ 200 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር በቀትር ሲነሳ ምስሉ ይደበዝዛል። አንሺው አውቶፎከሱ ተበላሸ ብሎ ካሜራውን ይወቅሳል፤ ይሁንና ብርሃኑ ሌንሱ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ስለተዛባ የትኛውም ካሜራ አያድነውም። መድኃኒቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ማንሳት ወይም መቅረብ ነው።

ሌላው ተግዳሮት ረጅም ሣር ነው። ክረምት በወጣ ማግሥት በአልጣሽ ሣሩ ከሰው ቁመት ይደርሳል፤ ካሜራው ደግሞ በቅርብ ያለውን ስለሚመርጥ ከእንስሳው ይልቅ ሣሩን ያጠራል። የማጥሪያ ነጥቡን አንድ ብቻ አድርጎ እንስሳው ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። አውቶፎከስ የሚሠራው ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበትን ጠርዝ ፈልጎ በመሆኑ፣ ወጥ የሆነ ነጭ ጋቢ ወይም ጀለቢያ ላይ ሲያርፍም ይንገዳገዳል። ነጥቡን ወደ ልብሱ ጠርዝ ወይም ወደ ዓይን መውሰድ ይበቃል።

የካሜራው ስም ቁም ነገር የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም ንብረት ክፍል ነው። የአንዱ ኩባንያ ሌንስ በሌላው ካሜራ ላይ በቀጥታ አይገጥምም፤ ጥሩ ሌንስ ደግሞ ከካሜራው አካል ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። በመደርደሪያው ላይ ሦስት የኒኮን ሌንስ ያለው መሥሪያ ቤት በአንድ ባለሙያ ምርጫ ወደ ካኖን ቢዞር ሦስቱን ሌንሶች እንደጣለ ይቆጠራል። ከዚህ ውጭ ስምን በዝርዝር መግለጫ ላይ ማስፈር የግዥ ሕግንም ይጻረራል። የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001፣ ከዚያ ወዲህ በሌላ ቢተካም፣ የንግድ ምልክት መጥቀስን ከልክሎ፣ ፍላጎቱን በሌላ መንገድ በበቂ ሁኔታ መግለጽ ካልተቻለ ብቻ «ወይም ተመጣጣኝ» ከሚል ቃል ጋር ፈቅዶ ነበር። በስም ፋንታ የሴንሰሩን ስፋት፣ የሌንሱን የብርሃን መግቢያ፣ የሚሠራበትን የሙቀት ወሰን፣ የመለዋወጫ ባትሪ ብዛትና በአገር ውስጥ የሚገኝ የጥገና አገልግሎትን መጻፍ ለመተማ የሚሆነውን ዕቃ ያስገኛል።

ለዱር እንስሳት ቆጠራ የሚገዛ የካሜራ ወጥመድ መመዘኛው ሌላ ነው። ይህ መሣሪያ የሚነቃው በእንስሳው ገላና በአካባቢው መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት በማየት ነው። የአንበሳ ገላ ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ በቆላው ቀትር መሬቱም አየሩም እዚያው ሲደርሱ መሣሪያው እንስሳው ከፊቱ ሲያልፍ ላያየው ይችላል። በአንጻሩ የጋለ ሣር በነፋስ ሲወዛወዝ በከንቱ ይነቃና ማኅደሩን በባዶ ምስል ይሞላል። ስለዚህ በቀን የተነሳ ምስል ማነስ የእንስሳውን ማነስ ላያሳይ ይችላል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ቢዞር፣ ከፊቱ ያለው ሣር ቢታጨድ፣ ከብዙ ሜጋ ፒክሰል ይልቅም የመንቃት ፍጥነቱ ቢታይ ይመረጣል።

ፎቶግራፉ ማስረጃ እንዲሆን ሰዓቱም ትክክል መሆን አለበት። ካሜራ ቀንና ሰዓት ሲጠይቅ የሚጠብቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንዳለ «2» ብሎ የሞላ ሠራተኛ፣ ምሽት ላይ የታየው እንስሳ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንደታየ አድርጎ ይመዘግባል። በአልጣሽና በዲንደር የተነሱ ምስሎች ሲነጻጸሩ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለመለሰች ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። ድንበሩን ወደ ምዕራብ የተሻገረ አንበሳ ከወጣበት ሰዓት ቀድሞ በዲንደር የገባ ሆኖ በመዝገብ ሊሰፍር ይችላል።