አቀባዩስ አለ፤ ተቀባዩ የት ነው?

«እኛ ኳስ እንችላለን፤ ጎል ነው ያቃተን።» ናይሮቢ ውስጥ ሀበሻ ተሰብስቦ ኳስ በሚያይበት ቦታ ሁሉ ይህ አባባል አይጠፋም። ሰሞኑን በካምፓችን ሜዳ ዳርም ከየጨዋታው በኋላ የሚሰማው ይኸው ነው። ልጆቹ ይቀባበላሉ፣ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ ከዚያ መሃል ሜዳ ላይ አንዲት ኳስ ትነጠቅና ጎል ይቆጠራል። ወዲያው ጣት የሚቀሰረው ኳሱን ባቀበለው ልጅ ላይ ነው። «ምን ዓይነት ፓስ ነው ይሄ!» ይባላል።

ግን እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ኳስ ቅብብል የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል። እኛ ደግሞ ስናመሰግንም ስንወቅስም የምናየው ላኪውን ብቻ ነው። ተቀባዩ ኳሱ ሳይደርሰው ምን እየሠራ ነበር? ዞር ብሎ አይቷል ወይ? ከተከላካዩ ጀርባ ተደብቆ ቆሞ አልነበረም ወይ? ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው እዚያ ነው። በናይሮቢ ኮሌጆች ለሚማሩና በየትምህርት ቤታቸው ቡድን ለመግባት ለሚሞክሩ ልጆቻችን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አሰልጣኝ «ኳስ ይችላል፤ ግን ለጨዋታ አይሆንም» ብሎ የሚመልሰው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ማቀበል ያቃተው ሳይሆን መቀበል ያልተማረ ልጅ ነው።

ካሳራኒ ላይ የሆነው

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ናይሮቢ የሆነውን እናስታውስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በጥቅምት 2018 ዋልያዎቹ ለ2019ኙ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከኬንያ ጋር በአራት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገናኙ። አሰልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። ባሕር ዳር ላይ 0 ለ 0 ተለያዩ። በአራተኛው ቀን ካሳራኒ ላይ ኬንያ 3 ለ 0 አሸነፈች። ማይክል ኦሉንጋና ኤሪክ ጆሃና ከእረፍት በፊት አገቡ፤ ሦስተኛውን ቪክቶር ዋንያማ በፍጹም ቅጣት ምት ጨመረ። ኬንያ ከ2004 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ዋንጫ ገባች፤ እኛ ቀረን።

ከእንዲህ ያለ ሽንፈት በኋላ ሁለት ወገን ይነሳል። አንዱ «ይሄን ቅብብል ተዉት፣ ረጅም ኳስ ምቱ፣ ጉልበት ያለው ልጅ አምጡ» ይላል። ሌላው «የእኛ ጨዋታ ይሄ ነው፤ አንለቅም» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ላኪው ነው። ስለ ተቀባዩ የሚያነሳ የለም።

ቅብብሉ ራሱ ዋጋ የለውም እንዳንል ታሪኩ አለ። በውበቱ አባተ ይሰለጥን የነበረው ኢትዮጵያ ቡና በ2011 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደው ኳስ ይዞ በመጫወት ነው። በጥር 2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው የሰውነት ቢሻው ቡድን ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ ፍጹም ቅጣት ምትም ስቶ፣ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን 1 ለ 1 ይዟል፤ ጎሏን ያገባው አዳነ ግርማ ነው። በሰኔ 2022 ደግሞ በውበቱ የሚመራው ብሔራዊ ቡድን ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ያቺ ግብጽ ከአራት ወር በፊት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰች ናት። ስለዚህ ይቻላል። ጥያቄው እንዴት ሁልጊዜ ይቻላል ነው።

የአሜሪካ ተማሪዎች በባሕር ዳርቻ

ተቀባይ ጨዋታን እንደሚለውጥ ከሁሉ ቀድሞ የታየው በእኛ እግር ኳስ ሳይሆን አሜሪካኖች በእጅ በሚጫወቱት ፉትቦል ሊሆን ይችላል። እዚያ ኳስን ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው በ1906 ነው። ለጥቂት ዓመታት ግን ብዙ ኮሌጆች አልተጠቀሙበትም። በ1913 ክረምት የኖትርዳም ኮሌጅ ሁለት ተማሪዎች፣ ጋስ ዶሬይና ክኑት ሮክኒ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሴዳር ፖይንት በሚባል መዝናኛ ቦታ ለሥራ ሄዱ። ትርፍ ጊዜያቸውን አሸዋው ላይ ሲለማመዱ ከረሙ። ዶሬይ ይወረውራል፤ ሮክኒ ቆሞ ሳይጠብቅ እየሮጠ ይቀልባል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ሳይጠበቁ የአሜሪካ ጦር አካዳሚን ቡድን 35 ለ 13 ረቱ። በጉልበት የሚበልጣቸውን ቡድን ያሸነፉት ኳሱ ሰውየው ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ቦታ ስለሄደ ነው።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ ላኪና ተቀባይ አብረው ይለማመዳሉ። እኛ ጋ ግን ልጁ ለብቻው ግድግዳ ላይ ሲመታ ይውላል፤ ሲቀበል የሚያየውና የሚያርመው ሰው የለውም።

ጥሩ ተቀባይ ምን ያደርጋል?

አንደኛ፣ ኳሱ ሳይመጣ ያያል። ጌይር ዮርዴት የተባለ ኖርዌያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 118 ተጫዋቾችን ካሜራ ላይ አጥንተው ነበር። ኳስ ከመቀበላቸው በፊት አንገታቸውን ደጋግመው የሚያዞሩት ተጫዋቾች ቅብብላቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ፍራንክ ላምፓርድ በየሁለት ሰከንዱ ከአንድ ጊዜ በላይ ዞር እያለ ያይ ነበር። የእኛ ልጆች ግን ዓይናቸው ኳሷ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ኳሷ ስትደርስ ገና «አሁን ምን ላድርግ?» ይላሉ። ያኔ ተከላካዩ ደርሷል።

ሁለተኛ፣ አቋቋሙን ያስተካክላል። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ላኪው አዙሮ የሚቆም ልጅ ከኋላው ያለውን ሜዳ አያየውም፤ ያለው ምርጫ መልሶ መስጠት ብቻ ነው። ትንሽ በጎኑ ቢቆም ግን የራሱንም የተጋጣሚውንም ግብ ያያል። ኳሷን ከላኪው ራቅ ባለው እግሩ ቢቀበል ደግሞ በአንድ ንክኪ ፊቱ ወደ ተጋጣሚ ይዞራል።

ሦስተኛ፣ ከተደበቀበት ይወጣል። በላኪውና በተቀባዩ መካከል ተጋጣሚ ቆሞ ከሆነ ተቀባዩ «ስጠኝ! ስጠኝ!» እያለ ቢጮህም ዋጋ የለውም። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ቢወጣ መንገዱ ይከፈታል። ጊዜውም አለው፤ ላኪው ኳሱን ተቆጣጥሮ ቀና ሲል ነው መንቀሳቀስ። ቀድሞ የሮጠ ተቀባይ ተይዞ ይቆያል፤ የዘገየም አይደርስም።

አራተኛ፣ የመጀመሪያ ንክኪው ዓላማ አለው። ኳሷን እግር ሥር ገድሎ ማቆም ጥሩ ይመስላል፤ አጠገቡ ተጋጣሚ ካለ ግን ራስን ማሰር ነው። ንክኪው ኳሷን ከተጋጣሚው አርቆ ወደ ባዶው ቦታ ሊወስዳት ይገባል።

ላኪውስ? እሱም ነጻ አይወጣም። ኳሷን በየትኛው እግር እንደላከ፣ በምን ያህል ኃይል እንደላከ ለተቀባዩ መልእክት ነው። ወደ ኋለኛው እግር ጠንከር ያለች ኳስ «ብቻህን ነህ፣ ዙር» ማለት ናት። ወደ ፊተኛው እግር የመጣች «ሰው አለብህ፣ መልስ» ማለት ናት። በአፍም መናገር ያስፈልጋል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ስዋሂሊ በሚቀላቀልበት ቡድን ውስጥ «ዙር» እና «ሰው አለ» የሚሉትን ሁለት ጥሪዎች በየትኛው ቋንቋ እንደምትጠሩ ከጨዋታ በፊት ተስማሙ።

ኦሉንጋን ተመልከቱት

ካሳራኒ ላይ ያገባብን ኦሉንጋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለጎር ማሂያ እየተጫወተ ናይሮቢ ውስጥ በኬንያ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ይማር ነበር። በ2015 ጎር ማሂያ ሳይሸነፍ ሊጉን ሲወስድ 19 ጎል አገባ። በኅዳር 2019 ጃፓን ውስጥ በአንድ ጨዋታ ስምንት ጎል፣ በ2020 ደግሞ በዋናው ሊግ 28 ጎል አግብቶ የዓመቱ ኮከብ ተባለ። ቁመቱና ጉልበቱ እንደረዳው አይካድም። ግን ቁመት ብቻውን 28 ጎል አያገባም። እንዲህ ያለ አጥቂ ጥሩ ፓስ እስኪመጣለት ቆሞ አይጠብቅም፤ ከተከላካዮች ጀርባ በሰዓቱ እየገባ አቀባዩ የሚልክበትን ቦታ ያሳየዋል።

የእኛውንም እንጥቀስ። በ2020/21 የውድድር ዘመን በካሳዬ አራጌ የሚሰለጥነው ኢትዮጵያ ቡና ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በመቀባበል ሲጫወት አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። መሃል ላይ የሚሠራው ቅብብል ሁሉ ጫፍ ላይ የሚቀበል ሲያገኝ ምን እንደሚያፈራ ያየነው ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ምን እንለማመድ?

ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። «መሃል ባልገባ»ን ማን ያላደገበት አለ? አራት ልጆች ዳር፣ ሁለት መሃል፣ ስምንት ሜትር በስምንት ሜትር ቦታ። በሁለት ንክኪ ብቻ ይሁን። አንድ ሕግ ጨምሩበት፤ ዳር ያለው ልጅ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ላኪው አዙሮ ከተቀበለ ኳሷ ባትነጠቅም መሃል ይግባ። በሦስት ቀን ውስጥ አቋቋማቸው ሲለወጥ ታያላችሁ።

ሁለተኛው ልምምድ የጣት ቆጠራ ነው። ከተቀባዩ ኋላ አንድ ጓደኛው ጣቶቹን ያነሳል። ተቀባዩ ኳሷ እግሩ ሳትደርስ ዞር ብሎ አይቶ ቁጥሩን መናገር አለበት። ካልተናገረ አልተቆጠረለትም። ልጆች እንደ ጨዋታ ይወዱታል፤ አንገት ማዞሩ ግን ልማድ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው የሦስተኛው ሰው ልምምድ ነው። አንደኛው ለሁለተኛው ይሰጣል፣ ሁለተኛው በአንድ ንክኪ ለሦስተኛው ያወርድለታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ኳሷ ገና ስትነሳ መሮጥ ጀምሯል። ተከላካይ ኳሷን ይከተላል እንጂ ሦስተኛውን ሰው ብዙ ጊዜ አያየውም።

አሰልጣኞችም አንድ ሥራ አለባችሁ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ስጡት። ለሃያ ደቂቃ እያንዳንዱ አማካይ ኳስ ሲቀበል ሦስት ነገር ይመዝግብ፤ ወደ ፊት ዞሮ ሄደ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ ተነጠቀ። በእረፍት ሰዓት ከጩኸት ይልቅ ይህ ወረቀት ይናገራል።

ሜዳውንም አትርሱ። ሜዳው ጉድጓድና ጠጠር ካለው ኳሷ ትነጥራለች፤ ተቀባዩ አንድ እርምጃ ወደ ኳሷ ይምጣ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይጠብቅ። በዝናብ ወራት፣ ማለትም ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ጭቃው ኳሷን ይይዛታል፤ በደረቅ ሜዳ የሚበቃው ኃይል መሃል መንገድ ላይ ያስቀራታል። በገዛ ግብ ክልላችሁ ፊት ጭቃ ካለ በአየር ማሻገር ነውር አይደለም።

ማሸነፍና መሸነፍ

«ይህን ሁሉ አድርገን ብንሸነፍስ?» የሚል አይጠፋም። ትሸነፉ ይሆናል። በነሐሴ 2025 እዚሁ ካሳራኒ ላይ፣ በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱት በሚዘጋጀው የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ ኬንያ በአሥር ሰው ተከላክላ ሞሮኮን 1 ለ 0 አሸንፋለች። ታዲያ በወሩ መጨረሻ በዚያው ስታዲየም ማዳጋስካርን 3 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን ያነሳችው ማን ናት? ያችው የተሸነፈችው ሞሮኮ። አንድ ቀን ቢሸነፉም ሥራቸውን አልጣሉም።

እኛ ግን አንድ ጨዋታ ስንሸነፍ አጭሩን ልጅ አስወጥተን ረጅሙን እናስገባለን፤ በሚቀጥለው ስንሸነፍ ደግሞ እንመልሰዋለን። በዚህ መሃል ስንቱ ልጅ ጫማውን ሰቅሎ ቀርቷል! ልጁ ያጣው ቁመት ሳይሆን «ኳሷ ሳትመጣ ዞር ብለህ እይ» የሚለው ሰው ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ዳር የምትቆሙ ሁሉ፣ ኳስ ሲነጠቅ በአቀባዩ ላይ ከመጮኻችሁ በፊት ዓይናችሁን ወደ ተቀባዩ ላኩት፤ ምን እንደጎደለው አይታችሁም ንገሩት።

መልካም ጨዋታ ይሁንላችሁ!