ከተርሚናል ወደ ተርሚናል በባቡር፦ ከቡሬ የሚነሳ መንገደኛ ማወቅ ያለበት

ከቡሬ ተነስቶ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ስንት ጊዜ መጓጓዣ ይቀይራል? እስቲ አብረን እንቁጠር። ከቡሬ በጎሬ አድርጎ መቱ፣ ከመቱ በደሌ፣ ከዚያ በጅማ ወይም በነቀምት በኩል አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ መናኸሪያ ደግሞ ቦሌ። እስከዚህ ድረስ ያው የለመድነው ነው። ግራ የገባው ሰው ረዳቱን ይጠይቃል፤ ረዳቱም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ «ያቺ መኪና ናት» ብሎ በጣቱ ያሳያል። ጭንቅ የሚመጣው ባሕር ማዶ ከወረዱ በኋላ ነው። እዚያ ያለው ባቡር ሹፌር የለውም፣ ረዳትም የለውም፣ የሚናገረውም በእንግሊዝኛ ነው።

ዛሬ በየሰፈራችን ዲቪ የደረሰው፣ ለትምህርት የሚሄድ ወይም ልጃቸውን ሊያርሱ የሚጓዙ እናት አይጠፉም። ለቲኬቱ ስንት ዓመት ተጠራቅሞ፣ ዘመድ ተረባርቦ የተከፈለ ገንዘብ አለ። ታዲያ ሁለተኛው አውሮፕላን ቢያመልጥ የሚጠፋው ሰዓት ብቻ አይደለም።  ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በትልልቅ ኤርፖርቶች ተርሚናልን ከተርሚናል የሚያገናኘው ባቡር እንዴት እንደሚሠራና መንገደኛው የት ላይ እንደሚሳሳት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለመሆኑ ባቡሩ ለምን አስፈለገ?

ተርሚናል ማለት መንገደኛ የሚስተናገድበት ሕንፃ ነው። አውሮፕላን ክንፉን ዘርግቶ የሚቆም ነገር ስለሆነ ብዙ አውሮፕላን በአንድ ሕንፃ ዙሪያ ማቆም አይቻልም። ኤርፖርቱ ባደገ ቁጥር ሕንፃው ይረዝማል ወይም ሌላ ሕንፃ ይጨመራል። ኮንኮርስ የሚባሉት፣ መሳፈሪያ በሮች ማለትም ጌቶች የተደረደሩባቸው ረጃጅም ክንፎች የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። በመካከላቸው አውሮፕላን ስለሚመላለስ ሰው በሜዳው አቋርጦ መሄድ አይችልም።

መጀመሪያ መፍትሔው አውቶቡስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የተከፈተው የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ደግሞ ሳሎን የሚመስሉ ትልልቅ ተሽከርካሪዎችን ይዞ መጣ። ያለ ሹፌር የሚሄደውን የኤርፖርት ባቡር በመጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋለው በፍሎሪዳ የሚገኘው የታምፓ ኤርፖርት ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1971 ነው። አትላንታ በ1980 ቀጠለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ደለስም በ2010 ኤሮትሬን የተባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ከፈተ። የድሮዎቹ ተሽከርካሪዎች ግን ጨርሰው አልቀሩም፤ ከውጭ አገር የገባ መንገደኛን ወደ ፓስፖርት መቆጣጠሪያ ሲያመላልሱ ኖረዋል።

አሠራሩ ከምናስበው በላይ ቀላል ነው። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ብዙዎቹ እንደ መኪና የጎማ እግር ስላላቸው አይንኳኩም። በኮምፒውተር ይታዘዛል፤ በየጥቂት ደቂቃው ይመጣል፤ በየጣቢያው በራሱ ቆሞ በሩን በራሱ ይከፍታል። ማስቆም የለ፣ «ወራጅ አለ» ማለት የለ! ከተርሚናሎቹ ውስጥ ለሚመላለሱት ባቡሮች ክፍያ አይጠየቅም። የአትላንታውን ብንወስድ ጣቢያዎቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የተደረደሩት፦ ቲ ከሚባለው ቀጥሎ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ጎን ለጎን በእግር የሚኬድበት መተላለፊያም አለ።

ታዲያ ቀላል ከሆነ ሰው ለምን ይሳሳታል?

መልሱ ባቡሩ ላይ አይደለም፤ ባቡሩ ከመቆጣጠሪያው በየትኛው በኩል ነው የሚለው ላይ ነው። ትልቅ ኤርፖርት በማይታይ መስመር ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ፍተሻ ያለፈ ሰው ብቻ የሚገኝበት የውስጥ ክፍል ነው፤ ሌላው ሸኚና ተቀባይ የሚቆምበት የውጭ ክፍል ነው። ከውጭ አገር ለሚመጣ ሰው በሁለቱ መካከል ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ይቆማሉ።

ይህ ለቡሬ ሰው እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሱዳን የሚመጣ ዕቃ በክረምት የባሮ ወንዝ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ጋምቤላ ይደርስ ነበር። ከዚያ በአጋሰስ ተጭኖ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ቡሬና ጎሬ ይገባል፤ የኢሉባቦር ቡና ደግሞ በዚያው መንገድ ይወርዳል። በጀልባውና በአጋሰሱ መካከል ግን ጉምሩክ አለ። ዕቃው ከጉምሩክ ሳይለቀቅ አጋሰሱ ተጭኖ ልሂድ ቢል የት ይደርሳል? የኤርፖርቱም ነገር እንዲሁ ነው።

ሦስት ምሳሌ እንይ።

አንደኛው አትላንታ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ወደዚያ በረራ ጀምሯል። እንበልና አንዲት እናት ከአዲስ አበባ አትላንታ ደርሰው ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚቀጥሉ ናቸው። ሻንጣቸው ላይ የመጨረሻው ከተማ ስም ስለተለጠፈ «ሻንጣዬ በራሱ ይሄዳል» ብለው ቀጥታ ባቡሩን ይፈልጋሉ። ነገር ግን ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ በሚያርፍበት ኤርፖርት ነው ኢሚግሬሽን የሚያልፈው። ሻንጣውንም ራሱ አንስቶ በጉምሩክ ካለፈ በኋላ እንደገና ያስረክባል፤ ዳግመኛ ይፈተሻል። ባቡሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የለንደኑ ሂትሮው ነው። ከተርሚናል 2ና 3 ወደ 4 ወይም ወደ 5 በነፃ የሚወስዱ ባቡሮች አሉ። ነገር ግን እነዚህ የከተማው ባቡሮች ናቸው፤ ጣቢያቸውም ከመቆጣጠሪያው ውጭ ነው። እዚያ ለመድረስ ወደ እንግሊዝ አገር መግባት ያስፈልጋል፤ ለመግባት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሳይወጣ አውሮፕላን የሚቀይር መንገደኛ በውስጥ በኩል የሚሄደውን አውቶቡስ ነው የሚይዘው። ስለዚህ «ባቡር አለ» የሚል መረጃ ብቻውን ትክክል ሆኖም ሰውን ሊያሳስት ይችላል።

ሦስተኛው ፍራንክፈርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራ የጀመረው ስካይላይን የሚባለው ባቡር ሲሠራ ለሼንገን አገሮች መንገደኞችና ለሌሎች መንገደኞች ፉርጎው የተለየ ነበር። መስመሩ ባቡሩ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገሮች ኤርፖርት አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያላቸውን የመሳሰሉ ከዚህ ነፃ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ይህን ያላጣራ መንገደኛ ባቡሩን ሳያየው ገና ቦሌ ላይ ሊቀር ይችላል።

በእኛስ አገር?

ቦሌ በ1995 ዓ.ም. ለዓለም አቀፍ በረራ የተሠራውን ተርሚናል 2 ከፈተ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ማስፋፊያው ተመርቆ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ የማስተናገድ አቅም አገኘ። የአገር ውስጥ በረራ የሚስተናገደው በተርሚናል 1 ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ባቡር የለም፤ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ብዙም አያስፈልግም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ኤርፖርቱ አይደርስም። ነገር ግን በቢሾፍቱ አካባቢ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. ተጀምሯል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል፤ ከቦሌ ጋር በፈጣን ባቡር ማገናኘትም በዕቅዱ አለ። እንግዲህ «ባቡሩ በየት በኩል ነው?» የሚለው ጥያቄ ነገ በራሳችንም አገር ሊጠየቅ ነው።

እስከዚያው መንገደኛ ያለው ቤተሰብ አራት ነገር ቢያደርግ ይጠቅማል።

1. ቲኬት ከመቆረጡ በፊት የትራንዚት ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ፣ በሁለቱ በረራዎች መካከልም በቂ ሰዓት እንዲኖር ማድረግ።

2. ቦሌ ላይ ሻንጣ ሲያስረክቡ «ሻንጣውን የት ነው የምቀበለው?» ብሎ መጠየቅ። እዚህ በአማርኛ መልስ ይገኛል።

3. የተርሚናሉን ወይም የኮንኮርሱን ፊደልና የጌቱን ቁጥር በትልቁ ጽፎ መያዝ። የእንግሊዝኛ ፊደል የማያነቡ እናት እንኳ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቅርጽ ከጣቢያው ሰሌዳ ጋር ማመሳሰል ይችላሉ። ጌት ሊቀየር ስለሚችል ግን እዚያ ሲደርሱ ሰሌዳውን እንደገና ማየት ወይም ማስነበብ ያስፈልጋል።

4. ቲኬት ሲቆረጥ ረዳት እንዲመደብ ማሳወቅ። አየር መንገዶች ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው ይመድባሉ። ለአረጋዊና መራመድ ለሚቸግረው ሰው ይህ ውርደት አይደለም፤ ረዳቱ ትክክለኛውን መስመር ያውቀዋል።

ደግሞም ጣቢያ የሳተ ሰው አይደንግጥ። ቀጣዩ ጣቢያ ወርዶ በተቃራኒው ባቡር መመለስ ነው፤ የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው። መቆጣጠሪያ አልፎ ወደ ውጭ የወጣ ሰው ግን ለመመለስ እንደገና ተሰልፎ መፈተሽ አለበት፤ ሰዓቱን የሚበላው ይኼኛው ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚተርፈን ነገርም አለ። ስለ ኤርፖርት ስንጽፍ ስንት ሚሊዮን ብር ወጣ፣ ማን መረቀው ማለት ይቀናናል። ቡሬ ተቀምጦ ሬዲዮ የሚሰማው አባወራ ግን የሚፈልገው «ባለቤቴ ብቻዋን እንዴት ትደርሳለች?» ለሚለው መልስ ነው። ይህን በሚገባው ቋንቋ የነገረው ጋዜጠኛ ሥራውን ሠርቷል እላለሁ።

ለመንገደኞቻችን ሁሉ መልካም ጉዞ!